አሰሩን ቅመሱት፣ ቅመሙን ከዚያ ምረጡ
(ለምግብ ዝግጅት ባለሙያዎችና ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ሥልጠናችሁን በማጠናቀቅ ላይ ያላችሁ ወጣት ምግብ አብሳዮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት የዕፀዋት አሰርን፣ ማለትም ፋይበር የሚባለውንና አንጀታችን የማይፈጨውን የተክል ክፍል፣ ከጣዕም ጋር ስለማስማማት ነው። አሰር ለጤና ይበጃል ብሎ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግቡ እንዲያገኝ ይመክራል፤ ይህንን ለሐኪሞቹ እተወዋለሁ። የእኔ ጭንቀት ሳህኑ ነው። «በአሰር የበለፀገ» ተብሎ የቀረበልንን ምግብ ስንቶቻችን ነን ድገሙን ያልነው? ሰው ለጤናው ብሎ አንድ ቀን ይታገሣል። በማግሥቱ የሚመልሰው ግን ጣዕሙ ነው።

ጥፋቱም የአሰሩ ሳይሆን የእኛ የአብሳዮቹ ነው። ምግቡን እንደ ወትሮው እንሠራለን፣ ቅመሙን እንደ ወትሮው እንመጥናለን፣ በመጨረሻ አሰሩን ጣዕም እንደሌለው ብናኝ እንነሰንስበታለን። ከዚያ በኋላ የሚበላው ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ እንገረማለን። ሥራው መጀመር ያለበት ከሌላው ጫፍ ነው፤ መጀመሪያ አሰሩን ቅመሱት፣ ቅመሙን ከዚያ ምረጡ።

ፊት ለፊታችሁ ሁለት ትንንሽ ስኒዎች አሉ። በሁለቱም ያለው የአትክልት መረቅ ከአንድ ድስት የተቀዳ ነው፤ ጨውም አንድ ነው። በቀኙ ስኒ ላይ ጥቂት የሲሊየም ዱቄት ተጨምሮበታል። እስቲ ግራውን ቅመሱ። አሁን ቀኙን። ከፊታችሁ እንደማነበው የቀኙ አልጫ አልጫ ብሏችኋል።

ጨው አልሰረቅናችሁም። ሲሊየም ፕላንታጎ ኦቫታ የተባለ፣ በተለይ በሕንድ በብዛት የሚመረት ተክል የዘር ቅርፊት ነው፤ የክብደቱን ብዙ እጥፍ ውሃ ይዞ ይዝለገለጋል። ጨውም ሆነ ስኳር የሚጣፍጠን በምራቅ ሟምቶ ምላሳችን ላይ ሲደርስ ነው። የተዝለገለገ ፈሳሽ ደግሞ ከምራቅ ጋር ቶሎ አይዋሐድም፤ ስለዚህ ጨዉ ምላስ ላይ ሳይደርስ አብሮ ይዋጣል። በዚህ ጊዜ ብዙ አብሳይ እጁን ወደ ጨው ዕቃው ይሰዳል። አይሁን። በዝልግልጉ ውስጥ የምትጨምሩት ጨው መልሶ ይታሰራል፤ ያተረፋችሁት ጨው የበዛበት ምግብ ብቻ ነው። ጣዕሙን ከዝልግልጉ ውጭ አስቀምጡት። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላልታችሁ በላዩ አፍስሱ፣ ሎሚውን ሊቀርብ ሲል ጭመቁበት፣ ጠጠር ያለ ጨው በጣታችሁ በትኑበት፣ ቅጠሉንም ጥሬውን ከትፋችሁ ጣሉበት። ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህን ነው። በነገራችን ላይ የምትፈልጉት ማወፈር ብቻ ከሆነና የአሰር ጉዳይ ካላስጨነቃችሁ ስታርች ይሻላችኋል፤ በተመሳሳይ ውፍረት ላይ ጣዕምን ከእንዲህ ዓይነት ዝልግልጎች ያነሰ ይሸፍናል።

ወደምወደው ልለፍ፤ ወደ ስንዴ ፉርሽካ። ከአሰሮች ሁሉ ብዙ የሚናገረው እርሱ ነው። ጥሬውን ቆንጥራችሁ ቀስ ብላችሁ አኝኩት። መጀመሪያ የእህል ብናኝ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጣፋጭነት፣ በመጨረሻ ከምላስ ሥር የሚቀር ምሬት ይሰማችኋል። ያንኑ ፉርሽካ በደረቅ መጥበሻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እያገላበጣችሁ አምሱት። ለጥቂት ጊዜ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ የአቧራው ሽታ ይጠፋና የዳቦ ቅርፊት፣ ቀጥሎም የለውዝ መዓዛ ይመጣል። ቀለሙ ገና ወርቃማ እያለ ከመጥበሻው ላይ ወደ ሰፊ ሳህን ገልብጡት፤ እዚያው ከተዋችሁት በብረቱ ግለት ብቻ ያርራል፣ ምሬቱም እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

ፉርሽካ ምን ይስማማዋል? በሴሎቹ ግድግዳ ላይ ፌሩሊክ አሲድ የሚባል ውህድ በብዛት ተጣብቆ ይገኛል። ይህ ውህድ የቫኒላ መዓዛ ከሚሰጠው ከቫኒሊን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ቫኒሊን ከፌሩሊክ አሲድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም አሉ። አንዳንድ የስንዴ ቢራ እርሾዎች ደግሞ ይኸንኑ አሲድ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ወደሚሸት ሌላ ውህድ ይለውጡታል። እንግዲህ ቫኒላና ቅርንፉድ ለፉርሽካ ባዕድ አይደሉም። ግን ልጠንቀቅ፦ የመዓዛ ውህድ የሚጋሩ ምግቦች ሁልጊዜ ይጣጣማሉ የሚለውን አስተሳሰብ እኔ አልምልበትም። ዝምድናው ለሙከራ መነሻ ይሆናል፤ ፍርዱ የምላስ ነው።

ስለ ምሬቱ ደግሞ የብዙዎች መልስ ስኳር መጨመር ነው። ከስኳሩ በፊት ቁንጥር ጨው ሞክሩ። ብሬስሊንና ቦሻምፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የሶዲየም ጨው ምሬትን ያፍናል፤ ምሬቱ ሲታፈን ደግሞ ተሸፍኖ የነበረው ጣፋጭነት ይወጣል። ምሬቱ ከዚያም በኋላ ከቀረ አትደብቁት፤ ባለቤት ስጡት። ቡና፣ ካካዎ፣ ጠቆር ያለ ማር ወይም የብርቱካን ልጣጭ ያለበት ኬክ መራራ ቢሆን ማንም አይቀየምም። የሚቀየመው ምሬቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ፉርሽካው ግን የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ምንም ቅመም አያድነውም፤ ጥቂት ቅባት ስላለው ይበላሻል። ሳትጠቀሙበት አሽትቱት፣ በቀዝቃዛ ቦታም አስቀምጡት።

ኮንጃክ የተባለው የእስያ ተክል የፉርሽካ ተቃራኒ ነው፤ የራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል። ከሥሩ የሚገኘው ግሉኮማናን የተባለ አሰር ፓስታ መሰል ሆኖ በውሃ ውስጥ ታሽጎ ይሸጣል። እሽጉን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የዓሣ ሽታ ነው። በዚህ ሽታ ላይ ቅመም መከመር ሁለት ሽታ ማትረፍ ነው። በብዙ ውሃ እጠቡት፣ ጥቂት ኮምጣጤ ባለበት ውሃ ለሁለትና ሦስት ደቂቃ አፍሉት፣ ከዚያ ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ ውሃው እስኪተን ድረስ አገላብጡት። ሲደርቅ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ምልክታችሁ ያ ነው። ሶስን ወደ ውስጡ ስለማይመጥ ስስ መረቅ አይሆነውም። ላዩ ላይ የሚጣበቅ፣ ጉልበት ያለው ነገር ስጡት፦ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ሰሊጥ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ።

ቺኮሪ ከተባለው ተክል ሥር በሚወጣው ኢኑሊን በተባለ አሰር ላይ ብዙ አልቆይም፤ የዋህ ነው። ጣፋጭነቱ የስኳርን አንድ አሥረኛ ያህላል፣ አፍ ውስጥም ቅባት ያለው ይመስላል፤ ስለዚህ ወተት ነክ ምግብና ቸኮሌት ይስማሙታል። ከጎምዛዛ ፍራፍሬ ጋር ለረጅም ሰዓት አትቀቅሉት እንጂ፤ አሲድና ሙቀት ሲተባበሩበት ወደ ፍሩክቶስ ይፈራርሳል፣ አሰር ጨመርሁ ያላችሁት ስኳር ሆኖ ይቀራል። ሲበዛም ሆድ ይነፋል።

ከብርቱካንና ከሎሚ ጭማቂ ተረፈ ምርት የሚሠራው አሰርም ከነጩ የልጣጭ ክፍል የመጣ ትንሽ ምሬት ይዞ ይመጣል። ካሮት፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይትና ጦስኝ ያስተናግዱታል።

አሰር የገባበትን ምግብ እንደ ቀላቀላችሁ ቀምሳችሁ ልክ ነው አትበሉ። አሰሩ ገና ውሃ አልጠጣም። ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩትና እንደገና ቅመሱት፤ ጨዉም ቅመሙም የሚስተካከለው ያኔ ነው። ሲሊየምንና የኮንጃክ ዱቄትን ደግሞ በደረቁ ለማንም አታቅምሱ፤ ጉሮሮ ላይ አብጠው ያንቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ጉርሻ የሚዋጡ ትንንሽ የኮንጃክ ጄሊዎችን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። በቂ ፈሳሽ ሳይቀርብ እነዚህ አሰሮች ከማዕድ ቤት አይውጡ።

ጥያቄዎቻችሁን በምድጃዎቹ ዙሪያ ሆነን ብንነጋገርባቸው እመርጣለሁ። ጥሬ፣ በስሱ የታመሰና ሆን ተብሎ ያረረ ፉርሽካ ተዘጋጅቷል፤ ከጥሬው ጀምሩ። አመሰግናለሁ።