የልብ ጅማት ስንት ይሸከማል?

እንደምን አደራችሁ። አካም ቡልተን።

መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከአዳር ሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ፊቴ ባለው ሳህን ላይ የምታዩት የበግ ልብ ነው። ዛሬ ጠዋት ከሥጋ ቤት ገዝቼው መጣሁ። በግራ በኩል ከፍቼዋለሁ። ውስጡ ሁለት ስስ ክዳኖች አሉ፤ ማይትራል ቫልቭ የምንላቸው። ከክዳኖቹ ተነስተው ወደ ታች ከጡንቻ ጋር የሚያያዙት ነጫጭ ክሮች ጅማቶቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ከስፌት ክር አይወፍሩም።

ልብ በጨመቀ ቁጥር ደሙ ክዳኖቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። በጤነኛ ሰው ግፊቱ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይደርሳል። ጅማቶቹ ባይይዟቸው ክዳኖቹ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ይሆናሉ። ደሙም ወደመጣበት ወደ ሳንባ በኩል ይመለሳል። ጅማቶቹ ይህን የሚከላከሉት በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ታናሽ እህቴ ልጅ ሳለች ቶንሲል እየደጋገመ ያማት ነበር። ቤተሰባችን ጨውና ሎሚ እያጉመጠመጠ አሳለፈው። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ። ብርድ ነው ተባለ። በ14 ዓመቷ የጅሬንን ዳገት መውጣት አቃታት። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ስትነሳ ቫልቩ ተጎድቶ ተገኘ፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነበር። ቶንሲሉን ያመጣው ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። ሰውነቷ እሱን ሲዋጋ የራሷንም ቫልቭ አብሮ ወጋው።

ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። ቀዶ ሐኪሙ ጅማቶቹ አጥረዋል፣ እርስ በርስም ተጣብቀዋል አለን። እኔም "ስንት ኃይል ነው የሚስባቸው?" ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ደግ ነበር፣ በቀጥታ መለሰልኝ። "ልብ ቆሞ እያለ ውኃ ሞልተን እናያለን። የቀረውን ዓይናችንና እጃችን ይነግረናል" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልቡ የሚፈተሸው ቆሞ ነው። ጅማቱ የሚለፋው ግን ልቡ ሲመታ ነው።

አሁን ወደ ክራር ልውሰዳችሁ። ክሩን ስታጠብቁት ድምፁ ይቀጥናል፣ ስታላሉት ይወፍራል። ጆሮ ያለው ሰው ክሩን ሳይነካ ውጥረቱን ያውቃል። ኢንተርኔት የሚያመጣልን የመስታወት ክር፣ ፋይበር የምንለው፣ ይህንኑ በብርሃን ያደርገዋል። በክሩ እምብርት ላይ እጅግ የተቀራረቡ መስመሮች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይታተማሉ። መስመሮቹ ካለፈው ብርሃን ውስጥ አንዱን የሞገድ ርዝመት ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ብዙ ጊዜ 1,550 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን። ክሩ ሲሳብ መስመሮቹ ይራራቃሉ፣ የሚመለሰውም ሞገድ ይረዝማል። የአንድ ሜትር ክር በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ብቻ ቢለጠጥ ሞገዱ በ1 ፒኮ ሜትር፣ ማለትም በናኖ ሜትር አንድ ሺኛ፣ ገደማ ይረዝማል። ጥሩ መሣሪያ ይህን ያነባል። በጣም የሚገርመኝ አመጣጡ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ኬኔዝ ሂልና ባልደረቦቹ የሌዘር ብርሃን በፋይበር ውስጥ ሲልኩ፣ የሚያልፈው ብርሃን እየቀነሰ የሚመለሰው ሲጨምር አዩ። ብርሃኑ ራሱ በክሩ ውስጥ መስመሮቹን ፈጥሯቸው ነበር። ይህን ፈልገው አልነበረም የጀመሩት።

ታዲያ ይህ ፋይበር የልብን ጅማት ለመለካት ለምን ተመረጠ? አንደኛ ቀጭን ነው፤ የመስታወቱ ውፍረት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። በቀጭን ጅማት ላይ ከባድ ብረት ብትሰፉበት ጅማቱ በብረቱ ክብደት ይዛባል፣ የምትለኩትም የራሳችሁን ብረት ይሆናል። ደግሞም በክሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይሄድም፣ ስለዚህ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሾርት አያደርግም። አንድ ችግር ግን አለበት፤ ሙቀትም ሞገዱን ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ያልተሳበ ሌላ ክር አጠገቡ አስቀምጦ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንስሳ ቫልቭ በፓምፕ በሚመታ ሰው ሠራሽ ልብ ውስጥ ገጠሙ። የፋይበሩን ሴንሰር፣ ማለትም መለኪያውን፣ በጅማቱ ላይ በሁለት ቦታ ሰፉ። ከዚያ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ያለውን ጅማት ቆረጡት። ኃይሉ በሙሉ በሴንሰሩ ውስጥ አለፈ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሙከራ የሚገኘው ኃይል በአንድ ጅማት 1 ኒውተን ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። 1 ኒውተን ማለት በፌስታል የያዛችሁት 100 ግራም ቡና የሚከብደውን ያህል ነው። ሐኪም የተበጠሰ ጅማት በሰው ሠራሽ ክር ሲተካ ክሩን የት ቢያስር፣ ምን ያህል ቢያሳጥር ውጥረቱ እንደሚቀንስ በዚህ መንገድ ማየት ይቻላል። ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ በታካሚ ደረት ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ጤነኛ ቫልቭ ነው፣ ወይም ጅማቱ ሆን ተብሎ የተቆረጠ። የእህቴ ቫልቭ እንዲያ አልነበረም። የወፈረ፣ ያጠረ፣ የተጣበቀ ነበር። ሁለት የተጣበቁ ጅማቶች ኃይሉን እንዴት ይካፈሉታል? እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልናል? ሕመሙ በብዛት ያለው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። ጅማ ላይ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪና የልብ ታካሚ አንድ ከተማ ውስጥ ይገናኛሉ። እኔ ይህን ትልቅ ዕድል እለዋለሁ።

ሞገዱን የሚያነበው መሣሪያ ውድ ነው፣ አልደብቃችሁም። የሚመታውን ልብ ግን በውኃ ፓምፕና በበግ ቫልቭ ዛሬ መጀመር እንችላለን። ጅማቶቹን እንደ ሩማቲክ ቫልቭ አጣብቀን በመስፋት ልዩነቱን መፈለግ እንችላለን። ነርሶች ደግሞ አንድ ነገር አደራ፤ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ በሎሚ አትሸኙት። እህቴ ዛሬም በየወሩ ፔኒሲሊኗን ትወጋለች፣ ቀጠሮ አታሳልፍም።

ጓንትና መቆንጠጫ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ኑ። ከፊት ባለው ክዳን ሥር ወፈር ያሉ ሁለት ጅማቶች ፈልጉ። ቀስ አድርጋችሁ ሳቧቸውና ክዳኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ተመልከቱ።