ያቺን መስመር ሰርዟት

ጤና ይስጥልኝ። «እንኳን ወደ አዳማ መጣችሁ» ልል ነበር። ግማሻችሁ እዚሁ ያደጋችሁ ናችሁና ይቅር።

አዘጋጆቹ ስለ ኔትዎርክ ጠቅለል ያለ ነገር ተናገር ብለውኛል። ጠቅለል ያለ ነገር የለኝም። የመጣሁት አንድ ብሶት ይዤ ነው፤ ሪሲቭ ባፈር፣ ማለትም ከኔትዎርክ የመጣ ዳታ ፕሮግራሙ እስኪያነሳው የሚቆይበት የሜሞሪ ቦታ።

የአዳማ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የጅቡቲ መኪና ሲያልፍ እያየ ነው ያደገው። መንገዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ መጋዘኑ የአንድ መኪና ጭነት ብቻ ከያዘ ላኪው ሁለተኛውን አያስነሳም። «ተራግፏል፣ ላክ» የሚል ስልክ ይጠብቃል። ዳታ በኢንተርኔት የሚላክበት ደንብ፣ ቲሲፒም፣ እንዲሁ ነው። ተቀባዩ የቀረውን ቦታ ይናገራል፣ ላኪው ከዚያ አያልፍም።

የምሠራበት ቢሮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የኢንተርኔት መስመር ነበረው። አውሮፓ ካለ ሰርቨር ባካፕ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ስናወርድ ግን 3.5 ሜጋቢት! ሦስት ሳምንት ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር ተጨቃጨቅን። ኬብል ቀየርን። አለቃዬ አዲስ ራውተር ገዙ፣ ያውም በዚያ የዶላር እጥረት። አሁንም 3.5። አንድ ሌሊት ቡናዬን ይዤ ሂሳቡን ሠራሁ። ዳታው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ፣ ማለትም ደርሶ መልሱ፣ 150 ሚሊሰከንድ ነው። በየደርሶ መልሱ 65,536 ባይት ቢያልፍ በሰከንድ ስንት ይሆናል? 3.5 ሜጋቢት። መስመሩን ለመሙላት በየደርሶ መልሱ ወደ 1.9 ሜጋባይት ያስፈልግ ነበር። ኮዱን ከፈትኩ። ባፈሩን 65,536 ባይት ላይ፣ ማለትም 64 ኪሎባይት ላይ፣ የምትቸነክር አንዲት የኮድ መስመር አገኘሁ። የጻፋት ማን ነው? እኔ። ከድሮ ማስተማሪያ ገልብጬ።

ቲሲፒ ድሮ የነበረበት የ64 ኪሎባይት ጣሪያ እኮ በ1992 እ.ኤ.አ. ተቀባዩ ከዚያ የበለጠ ቦታ እንዲናገር በሚያስችለው በዊንዶው ስኬሊንግ መፍትሔ አግኝቷል! የሊኑክስ ከርነል፣ የሲስተሙ እምብርት፣ የግንኙነቱን ፍጥነት እያየ ባፈሩን ራሱ ያሳድጋል፤ ጣሪያው ለብዙ ዓመታት በተለመደው ቅንብር 6 ሜጋባይት ነበር። መጠኑን በእጃችሁ የቆረጣችሁ ዕለት ግን «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ይተወዋል። «ኔትዎርክ ነው» እያልን ደንበኛ የሸኘን ስንቶቻችን ነን? ኔትዎርክ አልነበረም። እኛ ነበርን!

ሌላውን ባጭሩ። ባፈሩ ውስጥ ከርነሉ የራሱን ወጪም ይቆጥራል፤ ሁሉም ለዳታ አይውልም። ጣሪያውን ዝም ብላችሁ አትስቀሉት፣ ሜሞሪ ይበላል። ሌላው የዳታ መላኪያ ደንብ፣ ዩዲፒ፣ ባፈሩን ራሱ አያስተካክልም፤ እሱን በእጅ መወሰን ያስኬዳል።

ያቺ የኮድ መስመር ያለችባችሁ ዛሬ ማታ ሰርዟት። እኔ ስሰርዛት ባካፑ መስመሩን ሞልቶት አደረ። ምክንያቱን ግን ለአለቃዬ አልነገርኳቸውም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ጋሼ፣ ስለ ራውተሩ ይቅርታ።