ኒቫ፣ ፓትሪዮት ወይስ ቡሃንካ? ለረጅም የየብስ ጉዞ ሩሲያ ሠራሽ መኪና ስለ መምረጥ

[ምስል፦ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ]

በደርግ ዘመን ወደ አገራችን የገባችውንና ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባን ሰው ስታመላልስ የኖረችውን ላዳ የማያስታውስ ተመልካች ጥቂት ነው። ያቺ መኪና የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ባደረገው ስምምነት በቶልያቲ ከተማ የተተከለው ፋብሪካ ልጅ ስትሆን፣ የዛሬዋ ኒቫም ከዚያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣች ታናሽ እህቷ ናት። የሞተራቸው ዘር አንድ ስለነበረ፣ ላዳ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ የአዲስ አበባ መካኒክ የመጀመሪያዎቹን ኒቫዎች ኮፈን ቢከፍት ግራ አይጋባም ነበር።

ጥያቄያችን ግን እዚያው ሩሲያ ውስጥ የሚጠየቅ ነው። ከሞስኮ ተነስቶ በአገሪቱ ሩቅ ምሥራቅ ዳርቻ እስካለችው ማጋዳን ከተማ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ለመጓዝ ያሰበ ሰው፣ የአገሩ ፋብሪካዎች ከሚሠሯቸው መኪናዎች የትኛዋን ይምረጥ? የጉዞው የመጨረሻ ክፍል፣ በያኩትስክ ከተማ አጠገብ ከለና ወንዝ ማዶ ተነስቶ ማጋዳን የሚገባው የኮሊማ አውራ ጎዳና፣ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና አብዛኛው ጠጠር የሆነ መንገድ ነው። በስታሊን ዘመን እስረኞች ስለሠሩትና ብዙዎቹም እዚያው ስላለቁ «የአጥንት መንገድ» ይሉታል። በበረዶው ወራት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ይደርሳል።

አስቀድመን አንድ ግምት እናርም። የአገር ውስጥ መኪና አይበላሽም ተብሎ አይመረጥም፤ እንዲያውም ከጃፓኖቹ ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። የሚፈለገው ብልሽቱ የታወቀ፣ መለዋወጫው ርካሽ፣ ጥገናውም በአብዛኛው በክሪክ፣ በመፍቻና በመዶሻ የሚያልቅ በመሆኑ ነው። ስለዚህ መራጩ «የት ብትቆምብኝ ማን ያነሳልኛል?» ከሚለው ጥያቄ ቢነሳ ይሻለዋል።

[ምስል፦ ኒቫ ከታች ስትታይ፤ የኃይል ማስተላለፊያው በቀለም ተለይቶ]

የኒቫ ትልቁ ሀብት አራቱም ጎማዎቿ ሁልጊዜ የሚነዱ መሆናቸው ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ፤ ኒቫ በመካከል ያላት ዲፈረንሻል ይህን ልዩነት ስለሚያቻችል፣ ደረቅ አስፋልት ላይም ሆነ በረዶ ላይ አሽከርካሪው ምንም ሳይነካ ይነዳል፤ ጭቃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ዲፈረንሻሉን ቆልፎ የኃይል ማርሹን ያስገባል። በኡሊያኖቭስክ ከተማ የሚሠራው የኡአዝ ፋብሪካ ፓትሪዮት ግን ይህ የመካከል ዲፈረንሻል የለውም። የፊት ጎማዎቹ ሲያያዙ የርቀቱ ልዩነት መውጫ ያጣና፣ ጠጠር ወይም በረዶ ላይ ጎማው በመጠኑ እየተንሸራተተ ሲገላግለው፣ አስፋልት ላይ ግን የዘንጉን መተጣጠፊያ ክሮቼራና ማርሾቹን ያስጨንቃል። በዚህም ምክንያት ፓትሪዮት በደረቅ መንገድ የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ደረቅ፣ ቀጣዩ ግግር በረዶ በሆነበት የሳይቤሪያ መንገድ ግን አሽከርካሪው ቀኑን ሙሉ እያያያዘ እያላቀቀ ይውላል፣ ወይም ሰልችቶት ይተወዋል። አደጋው የሚመጣው ሲተወው ነው።

ይሁን እንጂ ኒቫ ትንሽ ናት። ባለ ሦስት በሯ 3.74 ሜትር ብቻ ስትረዝም፣ የነዳጅ ታንኳ 42 ሊትር በመሆኑ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ብትጠጣ እንኳ ከ420 ኪሎ ሜትር በኋላ ትቆማለች፤ ማደያ በሚራራቅበት አገር ይህ ማለት ጄሪካን መጫን ነው፣ ጄሪካኑ ደግሞ የልብስና የምግብ ቦታ ይወስዳል። ውስጧ ተጋድሞ ማደር የማይታሰብ ነው። ለሁለት ሰዎች ከሆነ ኒቫ ትራቬል የምትባለው ተለቅ ያለ አካል ያላት ዘመዷ፣ ያንኑ የኃይል ማስተላለፊያ ይዛ ሰፋ ያለ ቦታና 58 ሊትር ታንክ ስላላት፣ በእኔ ግምት የተሻለች ናት።

ፓትሪዮት በሻንሲ ላይ የተሠራ፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ ዘንግ) ያለው፣ ከኋላ በባልስትራ የሚሄድ ከባድ መኪና ነው። ድፍን አክስል ጉድጓድ ላይ ያንገጫግጫል፤ ነገር ግን መኪናው ቢጫንም በአክስሉና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት አይቀንስም። የኒቫ የፊት እግሮች ግን ጭነት ሲበዛ ዝቅ ይላሉና ሆዷ ለድንጋይ ይቀርባል። ስለዚህ አራት ሰዎችና የአንድ ወር ስንቅ የሚጫኑ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ፓትሪዮት ያጋድላል።

ሦስተኛዋ ቡሃንካ፣ ያው የኡአዝ ፋብሪካ የሚሠራት ሣጥን መሰል ቫን፣ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ መልኳ እምብዛም ሳይለወጥ ስትሠራ የቆየች ሲሆን፣ ስሟ የዳቦ ሙልሙል ማለት ነው፤ ያየ ሰው ለምን እንደተባለች አይጠይቅም። ሞተሯ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ስለተቀመጠ፣ በዚያ ብርድ ሳይወርዱ ክዳኑን ከፍቶ መጠገን ይቻላል፤ ሙቀቱም ለተሳፋሪው ይተርፋል። ከኋላ አልጋና ምድጃ የሚገጥሙላት ተጓዦች ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ጫጫታዋ ያደነቁራል፣ በፍጥነት አትሄድም፣ ከሾፌሩ ጉልበት ፊት ለፊት ያለው ቀጭን ላሜራ ብቻ በመሆኑም ግጭት ላይ ምሕረት የላትም። ልጆች ይዤ ከሆነ አልመርጣትም።

[ምስል፦ የሩሲያ ካርታ፤ የባይካል ሐይቅ ጎልቶ]

እዚህ ላይ የሞስኮ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ከባይካል ሐይቅ በስተምሥራቅ ነዋሪው በብዛት የሚነዳው መሪያቸው በቀኝ የሆነ ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎችን ነው። ስለዚህ «የአገር ውስጥ መለዋወጫ በየመንደሩ አለ» የሚለው መከራከሪያ በኡራል አካባቢ ያለ ጥርጥር ሲሠራ፣ ያኩትያ ሲደረስ ይሳሳል። ቡሃንካ ለአምቡላንስና ለመንግሥት ሥራ እዚያም ስለምታገለግል ዕቃዋን ማግኘት ሊቀል ይችላል፤ የኒቫን የፊት ኩሽኔታና ክሮቼራ ግን ይዞ መሄድ ይገባል። ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል፤ በለና ወንዝ ላይ በያኩትስክ አጠገብ መኪና የሚሻገረው በሙቀቱ ወራት በጀልባ፣ በብርዱ ወራት በበረዶው ላይ ሲሆን፣ ወንዙ በሚቀልጥበትና በሚረጋበት ሳምንታት ሁለቱም አይኖሩም።

የተመረጠችው መኪና አዲስ ከፋብሪካ የወጣች ብትሆንም፣ ከጉዞው በፊት ሙሉ ጭነቷን ይዛ የመኪና ሚዛን ላይ ትውጣና በመዝገቧ ከተጻፈው የክብደት ጣሪያ ጋር ይተያይ፤ ያለፈው ሁሉ ይውረድ፣ በተለይ ፖርቶመጋላው ላይ ያለው። ከዚያ ከከተማ ሳይርቁ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ፒስታ ይነዳና፣ ሲመለሱ በየጎማው መሐል እጅን አስጠግቶ ሙቀቱን ማወዳደር ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ፍሬኑ ይዞ ይሆናል፣ ወይም ኩሽኔታው መስተካከል ወይም መለወጥ አለበት፣ መንገዱም እስከዚያ ይቆያል።