የዳክስሁንዶቻችሁን ጀርባ ጠብቁ

ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

እዚህ ጀርመን የምንኖረው ጀርባው ረጅም፣ እግሩ አጭር በሆነው ውሻ፣ በዳክስሁንድ አገር ነው። የ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ምልክት፣ ዋልዲ፣ ዳክስሁንድ ነበር። የማራቶኑም መንገድ የተቀየሰው በካርታ ላይ የእሱን ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ማሞ ወልዴ ነሐስ ያገኘው ያንን መንገድ ሮጦ ነው። እናም ይህ ውሻ ለእኛ ያን ያህል ባዳ አይደለም።

ዳክስሁንድን አጭር እግር ያደረገው የዘር ለውጥ የአከርካሪውን ዲስኮችም ይጎዳል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ነገር ገና በልጅነቱ ይደርቃል፣ ይጠጥራል። አንድ ቀን ፈንድቶ ህብለ ሰረሰሩን ሊጫን ይችላል። ይህ ሕመም ከአራት ዳክስሁንዶች አንዱን ገደማ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ። ሥሩ በዘር ስለሆነ ውሻችሁ ቢታመም ራሳችሁን አትውቀሱ። እናንተ ማድረግ የምትችሉት እንዳይወፍር መጠበቅና ስታነሱት ደረቱንም መቀመጫውንም በሁለት እጅ መደገፍ ነው።

የሚያሳዝነኝ «ደክሞት ነው፣ ነገ ይሻለዋል» ተብሎ የሚያድረው ውሻ ነው። ሲያነሱት ይጮሃል። ጀርባውን ያጎብጣል። ሲራመድ የኋላ ጥፍሩ አስፋልቱን ሲፍቅ ይሰማል። እስቲ ቆሞ ሳለ፣ ወገቡን ደግፋችሁ፣ የኋላ መዳፉን ጀርባው መሬት እንዲነካ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል። ካልመለሰው ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው።

እግሩ ከከዳው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ሩጡ። ጣቱ ሲቆነጠጥ የሚሰማው ውሻ ቀዶ ሕክምና ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይራመዳል። ስሜቱ ጨርሶ ከጠፋ ግን ተስፋው ወደ ግማሽ ይወርዳል። እስክትደርሱ በሳጥን ውስጥ አስተኙት፣ አታንቀሳቅሱት። ኢቡፕሮፌንም ሆነ ሌላ የሰው መድኃኒት እንዳትሰጡት፣ አደራ!

ሕመሙ ቀላል ከሆነ ሐኪሙ ለሳምንታት በጠባብ ቦታ እንዲያርፍ ያዝዛል። ማስታገሻው ሲሠራለት ልዝለል ይላል፤ ያኔ አንጀታችሁ እንዳይራራ። ያልዳነው ዲስክ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ያስወጣል። ኢንሹራንስ የሚገባው ውሻው ጤነኛ ሳለ ነው፤ ከታመመ በኋላ ያንን ሕመም የሚሸፍንላችሁ አታገኙም። አሁን፣ እዚሁ እንዳላችሁ፣ ስልካችሁን አውጡና በአቅራቢያችሁ ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሆስፒታል ቁጥር መዝግቡ። እኔም እዚሁ ነኝ፤ ጥያቄ ያላችሁ ኑ።