ኪሞው ሲያሳክክ ዝም አትበሉ

የተከበራችሁ ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ የደብረ ማርቆስ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

እኔ የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ዛሬ የመጣሁት ኪሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ሰውነትን ሲያስቆጣ (አለርጂ ሲሆን) ስለሚመጣው ማሳከክ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ!

"ዝም አይነቅዝም" እንላለን። ኪሞ ክፍል ውስጥ ግን ይነቅዛል። መድኃኒቱ መውረድ እንደጀመረ መዳፋቸውን ነጠላቸው ሥር ደብቀው የሚያኩ እናት አይቻለሁ። ፊታቸው ቀልቷል። "እማማ፣ ምን ሆኑ?" ስላቸው "ምንም አልሆንኩ ልጄ" አሉኝ። እንዳናቆምባቸው ፈርተው ነው። በግ ሸጦ ከገጠር የመጣ ሰው "አቁሙልኝ" ይላል እንዴ?

ግን ማሳከኩ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ የደም ግፊት ሊጥል ይችላል። ቶሎ ከነገራችሁን ዘግተን እናክማለን። ቀላል ከሆነ ብዙ ጊዜ በዝግታ እንደገና ይጀመራል።

ፓክሊታክሴል የሚባለው የኪሞ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጣው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር ነው። ማሟሟያው የሚሠራው ከጉሎ ዘይት ነው፤ አንዳንዴ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካርቦፕላቲን የሚባለው ሌላው የኪሞ መድኃኒት ግን ተንኮለኛ ነው። ስድስት ዙር በሰላም አልፎ በሰባተኛው ሊነሳ ይችላል። "ለምጄዋለሁ" አይሠራም።

ከባድ ሆኖ መድኃኒቱ የግድ ሲያስፈልግስ? ሰውነትን ቀስ በቀስ ማለማመድ የሚባል ዘዴ አለ። ቁጡ ውሻ ያለበት ግቢ ሮጠው አይገቡም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ፣ ብሪገም ሆስፒታል፣ ዶክተር ማሪያና ካስቴልስና ባልደረቦቿ በሠሩበት መንገድ መድኃኒቱ በ3 ከረጢት ይዘጋጃል። የመጀመሪያው መቶ እጥፍ፣ ሁለተኛው አሥር እጥፍ የቀጠነ ነው። በየ15 ደቂቃው ፍጥነቱ እየጨመረ በ12 እርከን፣ የመጨረሻው እርከን ረዘም ስለሚል ስድስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ሙሉው መጠን ይገባል። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ 98 ታካሚዎች ላይ 413 ጊዜ ሠርተውታል። ሁሉም ሙሉ መጠናቸውን ወስደዋል፤ የሞተም የለም።

ፈውስ ግን አይደለም። መልመዱ ለዚያ ዙር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ለተላጠ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

እንደ እኔ ከባዱ ነገር ማሽን አይደለም። አድሬናሊን የሚባለውን የከባድ አለርጂ መድኃኒት አጠገቧ አስቀምጣ ስድስት ሰዓት ከአልጋው የማትርቅ ነርስ ማግኘት ነው።

አስታማሚዎች፣ ለእናንተ አንድ ሥራ ልስጥ። የመድኃኒቱን ስም፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነ፣ ከተጀመረ በስንት ደቂቃው እንዳሳከከ ጻፉ። ባህር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ስትሄዱ ወረቀቷን መርፌው ከመሰካቱ በፊት ለሐኪሙ ስጡ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።