የዋልነቱ ሳጥን ስንት ዓመቱ ነው?

ማህሌት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ከዋልነት እንጨት የተሠራ የድሮ የጣሊያን የቤት ዕቃ ላይ ነን። ሄኖክ፣ በሳጥን እንጀምር ብለሃል። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው እያለ ለምን ሳጥን?

ሄኖክ፦ ሙያው ሁሉ እዚያ ላይ ስላለ። ካሶኔ ይሉታል። በ1400ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ ፍሎረንስ ውስጥ ባለጠጋ ቤተሰብ ሲጋባ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ። የሙሽራዋ ልብስና ጨርቃ ጨርቅ ይገባበታል። ፊቱ ላይ የሁለቱ ወገን አርማ ይደረጋል።

ማህሌት፦ ጎረቤት እንዲያየው ነዋ!

ሄኖክ፦ እንዴታ! በአደባባይ ተሸክመውት ነበር ወደ ሙሽራው ቤት የሚሄዱት። ማን ከማን ተጋባ፣ ምን ያህል ወጣበት፣ ሰፈሩ ይወቅ ነው።

ማህሌት፦ ይሄስ አገራችንም አለ። እና ያኔም እንጨቱ ተቀርጾ ነበር የሚያጌጠው?

ሄኖክ፦ የለም፣ ያኔ ብዙው በሥዕል ነበር የሚያጌጠው። ዋልነቱና ቅርጹ የገነነው በ1500ዎቹ ነው። በተለይ ሮም። የጥንት ሮማውያን የእብነ በረድ ሬሳ ሳጥኖች እዚያ በየቦታው ይታያሉ። ቀራጮቹ እነሱን አዩና ፊቱን በሰው ምስል ሞሉት፣ እግሩን የአንበሳ መዳፍ አደረጉት።

ማህሌት፦ ቆይ ቆይ! የሬሳ ሳጥን አይተው የሰርግ ሳጥን ሠሩ?

ሄኖክ፦ ሙሽሮቹ ቅር ያላቸው አይመስልም። ሳጥኑ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት ከፈለግሽ፣ ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ያለውን የሠዓሊውን የቲሲያንን «የኡርቢኖ ቬኑስ» እዪ። 1538 ነው። ሰው ሁሉ የተጋደመችውን ሴት ያያል። ከኋላ ግን አንዷ ገረድ ተንበርክካ ካሶኔ ውስጥ ልብስ ትፈልጋለች።

ማህሌት፦ ለምን ግን ዋልነት? ሌላ እንጨት ጠፍቶ ነው?

ሄኖክ፦ ጥድ ላይ ቀጭን ጣት ወይም የፀጉር ጥቅል ልቅረጽ ብትዪ ይሰነጠቅብሻል። ዋልነት ጠንካራ ነው፣ ግን ለመሮ ይታዘዛል። የእንጨቱ ክር ደቃቅ ስለሆነ ትንሹን ነገር ይይዛል። በሰም ሲታሽ ደግሞ ከውስጥ የሚበራ ቡናማ ይሆናል።

ማህሌት፦ እሺ፣ አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በየጨረታው «የሬኔሳንስ»፣ ማለትም የእነዚያ የ1400ዎቹና የ1500ዎቹ፣ የሚባል ዕቃ ሞልቷል። ያን ሁሉ ዘመን ተርፎ ነው?

ሄኖክ፦ ብዙው የ1800ዎቹ ሥራ ነው። ጣሊያን በ1861 አንድ አገር ሆነች፣ የድሮው ዘመን ክብር ተፈለገ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሀብታሞችም ገንዘብ ይዘው መጡ። ፍሎረንስ ውስጥ እንደ ስቴፋኖ ባርዲኒ ያሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ኤሊያ ቮልፒ ደግሞ እዚያው ፓላዞ ዳቫንዛቲ የሚባለውን የድሮ ትልቅ ቤት ገዝቶ አደሰው፣ በድሮ ዕቃ ሞልቶ በ1910 ሙዚየም አድርጎ ከፈተው። በ1916 ዕቃውን ኒውዮርክ ወስዶ በጨረታ ሸጠው።

ማህሌት፦ ሙዚየም ሳይሆን ሱቅ ነበራ!

ሄኖክ፦ የሚያምር ሱቅ።

ማህሌት፦ እና ገዢው በምን ይለያል?

ሄኖክ፦ ነቀዙን እዪ። ነቀዝ እንጨቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላና ሲወጣ ፊቱ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይተዋል። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ ግን አይታይም። ፊቱ ላይ ቦይ ቦይ የሚመስል ነገር ካየሽ፣ ጣውላው ነቀዝ ከበላው በኋላ በመላጊያ ተልጓል ወይም በመጋዝ ተሰንጥቋል። ቢያንስ ያ ክፍል ከአሮጌ እንጨት እንደገና የተሠራ ነው።

ማህሌት፦ ቀዳዳውን ራሳቸው ቢበሱትስ?

ሄኖክ፦ ይበሱታል! ቀጭን ሽቦ ክተቺ። ቀጥ ብሎ ከገባ መሰርሰሪያ ነው። ነቀዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከዚያ እጅሽን ከጀርባው ላይ አሂጂ። በእጅ መላጊያ የተላገ ሞገድ ሞገድ ይላል። ቅስት ቅስት የሆነ የመጋዝ ምልክት ካለ ክብ መጋዝ ነው፣ ማለትም የ1800ዎቹ ወይም ከዚያ ወዲህ።

ማህሌት፦ ስለዚህ አታላይ ሁሉ!

ሄኖክ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። አታላዩ ዕድሜውን የዋሸው ነጋዴ ነው። ሉዊጂ ፍሩሊኒን ውሰጂ። በ1839 የተወለደ የፍሎረንስ ቀራጭ ነው፤ የሠራውን የራሴ ነው ብሎ ነው የሸጠው። ኒውፖርት፣ አሜሪካ፣ ሻቶ ሱር ሜር የሚባለው ቤት ውስጥ የመመገቢያ ክፍሉና ቤተ መጻሕፍቱ የእሱ ሥራ ናቸው። ቅጠሉን፣ ወይኑን፣ ወፉን ስታዪ እጁ ከድሮዎቹ አያንስም።

ማህሌት፦ ገንዘብ ቢኖርህ ታዲያ የትኛውን ትገዛለህ? የ1550ውን ካሶኔ ወይስ የፍሩሊኒን?

ሄኖክ፦ የፍሩሊኒን። ያኛው ሦስቴ ተጠግኖ፣ ክዳኑ ተቀይሮ፣ እግሩ አዲስ ሆኖ ነው የሚመጣልሽ።

ማህሌት፦ እኔ የተጠገነውን ነው የምወስደው፣ ይቅርታ። አንሶላዬን የምከትበት ሳጥን ፈልጌ ነው እንጂ፣ ፊርማ አልፈልግም።