ኒውዮርክ ስንት ዋለ? የዓለም ታሪክ ቀኖች በጅማ ቡና ዋጋ ሲቆጠሩ

[ምስል፦ ማለዳ፣ ጅማ መርካቶ፣ ጆንያ የጫነ አይሱዙ በኋላ ማርሽ እየገባ፣ ረዳቱ "ና፣ ና፣ ና" እያለ]

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ያለሁት ጅማ ነው። ትምህርት ቤት እያለን ታሪክ ላይ ቀን ሸምድዱ ይሉን ነበር አይደል፣ የበርሊን ግንብ መቼ ፈረሰ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ጀመረ፣ ምናምን። ለፈተና እንሸመድዳለን፣ በማግስቱ እንረሳዋለን፣ ምክንያቱም የሌላ ሰው ቀን ነው ሚመስለን።

እኔ ግን ያደግኩት ቡና ሰብሳቢ ቤት ነው። አባቴ ከገበሬ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) እየገዛ ለአቅራቢ ሚሸጥ ሰው ነበር፣ እና እሱ ዓመት ሚቆጥረው በፈረሱላ ነው። "እሱማ ብራዚልን በረዶ የመታ ጊዜ ነው"፣ "ያ ደሞ ቡና የወደቀ ዓመት" ይላል። ፈረሱላ ለማታውቁ 17 ኪሎ ነው። ካደግኩ በኋላ የሱን ዓመቶች ከመጽሐፉ ቀኖች ጋር ሳስተያያቸው ግጥም አሉ። ይሄን ቪዲዮ የሰራሁት ለዛ ነው፣ የፈረንጁንም የኛንም ቀን አብሬ እጠራለሁ፣ ታገሱኝ።

[ምስል፦ የዎል ስትሪት ጥቁርና ነጭ ፎቶ]

ኦክቶበር 29 ቀን 1929፣ በኛ ጥቅምት 19 ቀን 1922፣ ማክሰኞ። ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያው ተንኮታኮተ። ፋብሪካ ሲዘጋ ሰው ስራ ያጣል፣ ስራ ያጣ ሰው ደሞ ቡና አይገዛም፣ ብራዚል ግን መጋዘኗ ጢም ብሏል። ምን አደረጉት መሰላችሁ፣ አቃጠሉት። ከ1931 እስከ 1944 ባለው ጊዜ 78 ሚሊዮን ገደማ ጆንያ ነው ያወደሙት፣ አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው፣ አባዙት እንግዲህ። ባህር ውስጥ የደፉት አለ፣ ለባቡር ማገዶ ያደረጉት አለ። ቡና ተቆልቶ ሲዞር ጭሱን በእጃችን ወደ ራሳችን ምንስብ ሰዎች ይሄን ስንሰማ ትንሽ ያመናል፣ እናቴ ስነግራት "ጡር አለው" ነው ያለችው።

[ምስል፦ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ]

በዛው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 1932 ላይ፣ እዚ ጅሬን ላይ ዳግማዊ አባ ጅፋር አረፉ። ከ1878 ጀምሮ የነገሡ ሰው ናቸው፣ ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩ፣ ከሳቸው በኋላ ግን ያ ነገር አበቃ። ስለሳቸው ለብቻው ቪዲዮ ይገባቸዋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

እሺ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ጀመረ? መጽሐፉ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ይላል፣ ሂትለር ፖላንድ ሲገባ። ቻይናዎችን ጠይቁ፣ ጁላይ 7 ቀን 1937 ይሏችኋል። እኛን ከጠየቃችሁን ኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ ጣልያን መረብን ሲሻገር። ጃንሆይ በሰኔ 23 ጄኔቭ ሄደው በአማርኛ ሲናገሩ የጣልያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፣ ያ የመንግሥታት ማህበር ሚባለው ነገር እዛው አዳራሽ ውስጥ ነው የሞተው ባይ ነኝ፣ ከዛ በኋላ የቆየው ለወጉ ነው።

ጅማን ጣልያኖቹ የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት፣ ዛሬም መሃል ከተማውን በእግራችሁ ስትዞሩ እነሱ የተከሏቸውን ቤቶች ታያላችሁ። እና ጅማ ነጻ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ነው፣ ጁን 21 ቀን 1941፣ በእንግሊዝ የሚመራው ጦር በአንድ በኩል፣ እነ ገረሱ ዱኪ የሚመሯቸው አርበኞች በሌላ በኩል ሆነው። አሁን የሚቀጥለውን ቀን እዩልኝ። ሰኔ 15። በነጋታው ሂትለር ከ3 ሚሊዮን በላይ ወታደር አሰልፎ ሶቭየት ህብረትን ወረረ። በቃ፣ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ፊቱን ወደዛ አዞረ፣ ጅማን ማን ያስታውሳት። ልዩነቱ አንድ ቀን ብቻ ነው።

[ምስል፦ የቡና ዛፍ፣ ቀይ እሸት፣ የሴቶች እጅ ሲለቅም]

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፣ አባቴ "በረዶ የመታው ጊዜ" ወደሚለው።

ጁላይ 18 ቀን 1975፣ ሐምሌ 11 ቀን 1967። እኛ ጋ ሐምሌ ማለት ዝናብና ጭቃ ነው፣ ብራዚል ግን ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ሐምሌ ክረምት ብርዷ ነው። የዛን ሌሊት ፓራና ሚባለው ግዛት ላይ ውርጭ ወረደ (አባቴ በረዶ ይበለው እንጂ ቡናውን የፈጀው ውርጭ ነው) እና ጠዋት ገበሬው ሲነሳ የቡና ዛፉ እንደተቃጠለ ነገር ጠቁሮ ቆሟል። እነሱም ጥቁሩ ውርጭ ነው ሚሉት። ፓራና በጊዜው የብራዚል ትልቁ ቡና አምራች ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን ከዛ ግዛት ምንም አልወጣም ማለት ይቻላል። የዓለም ዋጋ መውጣት ጀመረ፣ ወጣ ወጣ ወጣና 1977 ላይ አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ማለት ነው፣ ከ3 ዶላር በላይ ገባ።

የጅማ ገበሬ ከበረ ልትሉ ነው አይደል? ቆዩ። ውርጩ ከመውረዱ ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ብሎ አውጇል። ቡናውም ላይ የመንግሥት እጅ በየዓመቱ እየበረታ ሄደ፣ ዋጋው በተመን ሆነ፣ ታክሱም ከበደ። አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ አያቴ ጋ ሚዛን ይይዝ ነበር፣ ምን ይላል፣ "ኒውዮርክ የወጣው ብር እኛ ጋ ሳይደርስ ወሬው ብቻ ደረሰ"።

[ምስል፦ የምሥራቅ ጀርመን ሱቅ፣ ባዶ መደርደሪያ]

አሁን በጣም የምወዳት ክፍል። ምሥራቅ ጀርመን። ኮሚኒስት ሀገር ናት፣ ግንብ አጥራ ሕዝቧን ከልክላ ይዛለች፣ ግን ሕዝቡ ቡና ይወዳል፣ ያውም በጣም። ቡና ደሞ ሚገዛው በዶላር ነው፣ ዶላር ደሞ የላትም። ዋጋው በአራት እጥፍ ገደማ ሲዘል መንግሥቱ በ1977 ርካሽ ቡና ከሱቅ አነሳና የተደባለቀ ነገር አመጣ፣ ግማሹ ቡና ግማሹ ገብስ መሳይ፣ ስኳር የሚሠራበት ቀይ ሥር መሳይ ነገር፣ የአተር ዱቄት ሁሉ ነበረበት። አተሩ ማሽኑ ውስጥ እያበጠ ማጣሪያውን ይደፍናል። ሰው ተቆጣ፣ ስለ ነጻነት ደፍሮ የማይጽፍ ሰው ስለ ቡና ለመንግሥት የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈ! ምዕራብ ጀርመን ዘመድ ያለው በፖስታ ጥቅል ያስልካል፣ የሌለው አተሩን ይጠጣል።

እና ባለሥልጣኖቹ ዶላር የማይጠይቅ ቡና ሻጭ ፍለጋ ወጡ። ቬርነር ላምበርትስ ሚባል ሰውዬ፣ ፓርቲው ውስጥ ትልቅ ሰው፣ በዛው በ1977 አዲስ አበባ መጥቶ ከመንግሥቱ ኃይለማርያም ጋር ተቀመጠ። ጊዜውን አስቡት፣ መንግሥቱ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ከያዘ ወራት ነው፣ ከአሜሪካ ጋር ተጣልቷል፣ ዚያድ ባሬ ኦጋዴን ሊገባ ነው። አንዱ ቡና ቸግሮታል፣ አንዱ ጠመንጃ ቸግሮታል። ተስማሙ። ቡና ሄደ፣ መሳሪያ መጣ፣ ደብሊው 50 ሚባሉት የምሥራቅ ጀርመን መኪናዎችም መጡ።

ካፋ ክፍለ ሀገር፣ ዋና ከተማው ጅማ፣ የሀገሪቱ ዋና ቡና አብቃይ ነበር። ጆንያው ላይ የገበሬ ስም አይጻፍምና የማን ቡና እንደተጫነ ማንም አይነግራችሁም፣ ግን እዚሁ ጅማ ዙሪያ ያሉት የጎማ ወይ የማና ወረዳ ገበሬ ለቅሞ ያሰጣው ቡና በርሊን ሲፈላ፣ ለሱ ልጅ ደሞ ክላሽ ሲታደለው ማሰብ ከባድ አይደለም። ይሄ ነው ቀዝቃዛው ጦርነት ማለት እንግዲህ፣ እኛ ጋ ቀዝቃዛ ያልነበረው።

ስምምነቱ ግን ብዙ አልቆየም፣ በዓመቱ ኢትዮጵያ "በጥሬ ዶላር ክፈሉኝ" አለች። ላምበርትስም በማርች 1978 ሊቢያ ላይ ሄሊኮፕተር ተከስክሶበት ሞተ። ጀርመኖቹ ታዲያ ምን አሰቡ፣ ወዳጅ ሀገር ላይ ራሳችን እናስተክል። 1980 ላይ ከቬትናም ጋር ተፈራረሙ፣ ዳክ ላክ ሚባል ደጋ ላይ ትራክተር፣ ማሽን፣ ባለሙያ አፈሰሱበት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

[ምስል፦ የበርሊን ግንብ፣ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ]

1989። ሁሉም ሰው ሚያውቃት ቀን ኖቬምበር 9 ናት፣ ጥቅምት 30 ቀን 1982። ሻቦቭስኪ ሚባል ባለሥልጣን በቀጥታ ቲቪ መግለጫ እየሰጠ አንዲት ወረቀት ያነባል፣ ዜጎች መውጣት ይችላሉ ምትል፣ ከመቼ ጀምሮ ሲሉት ወረቀቱን አገላብጦ "እስከማውቀው አሁኑኑ" አለ። ሊታወጅ የታሰበው ለነገ ነበር፣ ሰውየው በደንብ አላነበበውም! ሕዝቡ ኬላው ላይ ተኮለኮለ፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጠባቂዎቹ ከፈቱት።

ግን ቡና ሰብሳቢን ከጠየቃችሁት የ1989 ቀን ሌላ ናት። ጁላይ 4፣ ሰኔ 27 ቀን 1981። ከ1962 ጀምሮ የዓለም ቡና ስምምነት ሚባል ነገር ነበር፣ እያንዳንዱ ሀገር ምን ያህል እንደሚሸጥ ኮታ አለው፣ ስለዚ ዋጋው እንዳይወድቅ ይደገፋል። አሜሪካ ለምን ገባችበት? ኩባ 1959 ላይ ከእጇ ወጣች፣ ሌላውም የላቲን ገበሬ ተርቦ ኮሚኒስት እንዳይሆን ፈራች። 1989 ላይ ግን ያ ፍርሃት የለም። በዛ ላይ ከስምምነቱ ውጪ ያሉ ሀገሮች፣ ምሥራቅ አውሮፓ ጭምር፣ ያንኑ ቡና በርካሽ ያገኙ ነበርና አሜሪካ በዚህ ተናዳለች። አልተግባቡም፣ ኮታው ተሰረዘ፣ በጥቂት ወር ውስጥ ዋጋው በግማሽ ገደማ ወረደ።

አያችሁ፣ ግንቡ ከመፍረሱ ከአራት ወር በፊት ጅማ መርካቶ ውስጥ ፈርሷል። የአባቴ "ቡና የወደቀ ዓመት" ይሄ ነው። ደርግም ቡናው ወደቀበት፣ ሶቭየቶቹም እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ሀገር ጥሎ ሄደ።

(በነገራችን ላይ ጀርመን የተዋሃደችው ኦክቶበር 3 ቀን 1990 ነው፣ ጣልያን መረብን የተሻገረበትም ኦክቶበር 3 ነበር፣ በኛ ግን አንዱ መስከረም 23 ሌላው መስከረም 22 ነው። ጳጉሜ 6 ስትሆን እንዲህ ትጫወትብናለች።)

[ምስል፦ የአደይ አበባ፣ ከዛ የድሮ ቴሌቪዥን]

መስከረም 1 ቀን 1994። እንቁጣጣሽ። ልጅ ነኝ፣ አዲስ ልብስ ለብሼያለሁ፣ ቤት ውስጥ ዶሮ አለ፣ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ብለው ጨርሰዋል። ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት ከ46 ገደማ በኛ፣ ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሕንጻው ውስጥ ገባ። ማታ ዜና ላይ ሁላችሁም ያያችሁትን አየን። ፈረንጆቹ "ሴፕቴምበር 11" ሲሉ የኛን አዲስ ዓመት እየጠሩ እንደሆነ አያውቁትም፣ 2001 ላይ እንቁጣጣሽ ልክ እዛ ቀን ላይ ነው የዋለችው።

እኔ ብዙ ቆይቼ ያወቅኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሁለቱ ፎቆች ስር የነበረው ቁጥር 4 ህንጻ ውስጥ፣ ቡናና ስኳር ካካዎና ጥጥ ሚገበያዩበት አዳራሽ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ "ኒውዮርክ" ሚለው ከተማውን ሳይሆን ያንን አዳራሽ ነው። የዛን ቀን ወደመ። ነጋዴዎቹ በፈረንጆቹ 1993 እዛው ህንጻዎቹ ላይ ከደረሰው የቦምብ ፍንዳታ በኋላ ለክፉ ቀን ብለው ኩዊንስ ሰፈር ያዘጋጁት ትርፍ አዳራሽ ነበራቸው፣ በቀናት ውስጥ እዛ ገብተው መጮህ ቀጠሉ።

ዋጋው ግን ድሮም ሞቶ ነበር። ቬትናምን አስታወሳችሁ? ጀርመኖቹ የጀመሩት እርሻ ለፍሬ ሲደርስ ምሥራቅ ጀርመን ሚባል ሀገር ከካርታ ጠፍቷል፣ ቡናው ግን ቆሟል። እነሱ ብቻ አይደሉም ያሳደጉት፣ የቬትናም የራሷ ለውጥም አለ፣ ብቻ አስር ዓመት ሳይሞላ ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛ ሆነች፣ ገበያው በቡና ተጥለቀለቀና 2001 መጸው ላይ ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። የአሜሪካ ሳንቲም ነው ምላችሁ። ስንት ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። አባቴም ያኔ ነው ሚዛኑን ሸጦ ሸቀጣ ሸቀጥ የከፈተው።

እና ያ በ1977 በርሊን ላይ አተር የተደባለቀበት ቡና፣ ዞሮ ዞሮ በኛ በ1994 ጅማ ላይ ሱቅ አስከፈተ።

[ምስል፦ ሱቅ፣ ባንኮኒ፣ ስልክ]

ዲሴምበር 2024፣ በኛ ታኅሣሥ መጀመሪያ 2017፣ ብራዚል ድርቅ መታትና የ1977ቱ የቡና ዋጋ ክብረ ወሰን ተሰበረ፣ ከ47 ዓመት በኋላ። ዜናውን ሳይ ወደ ሱቁ ሄድኩ ልነግረው። ቁጥሩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ስኳር እየመዘነ ነበር፣ ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቀና "ማታስ ስንት ዋለ?" አለኝ።